ከሴባስቶፖል በፊት ጎተራው
ስለ ረጅም ጦርነት ዝግጅት በአምባ ጊዮርጊስ ለተሰበሰበ ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ደስ የሚል አይደለም። አንድ አገር ረጅም ጦርነት ቢመጣበት ፋብሪካውንም ሕዝቡንም እንዴት አድርጎ ያሰናዳል የሚል ነው። ወገራ ላይ ቆሞ ስለ ጦርነት ማስተማር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ጭና ድረስ ሲዘልቅ እናንተ ጎረቤት ነበራችሁ። ስለዚህ ጦርነት ምን እንደሚመስል እኔ አልነግራችሁም። የምናገረው ጦርነት ሲረዝም ምን እንደሚያልቅ ነው። ጥይት ከማለቁ በፊት የሚያልቁ ነገሮች አሉ፤ ብዙ መንግሥታት የወደቁት በእነዚያ ነው።

በጎንደር ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ የቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት ጋፋት ይደርሳል። «ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋትን አሥር ዓመት ቀደም ብለው ቢያቋቁሙት ኖሮ» እንላለን፤ ከዚያ «እንደ ጃፓን በሠለጠንን ነበር» እንላለን፤ ከዚያም እንተክዛለን። እኔ ከዚህ አባባል ጋር አልስማማም፤ የመጣሁትም ለምን እንደማልስማማ ላስረዳ ነው። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የተሸነፉት መድፍ አጥተው አይደለም። መድፉ ነበር። የጠፋው መድፉን የሚጎትተው ሠራዊትና ሠራዊቱን የሚቀልበው ባላገር ነው።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ገና ሳይነግሡ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በሚባል ስፍራ ከግብፆች ጋር ገጠሙ። የኛው ደባርቅ አይደለም፤ ሱዳን ምድር ያለ ነው። ግብፆቹ ምሽግ ይዘው፣ መድፍ ጠምደው ጠበቁ። የካሳ ሰው እንደ ልማዱ በጀግንነት ሮጠ፤ መድፉም አጨደው። ከዚያ ቀን ወዲያ የመድፍና የሥርዓት ነገር ከካሳ ልብ አልወጣም። በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው እዚያው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ውቤ ለብዙ ዓመት ያከማቹትን ጠመንጃና ብር ወረሱ። ሆኖም የተወረሰ ጠመንጃ ሲሰበር ይጠገን ዘንድ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህን ቴዎድሮስ ከዘመናቸው መኳንንት ሁሉ ቀድመው ተረድተውታል ብል ማጋነን አይሆንም።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት የተነሣችው በዚህ ሐሳብ ነው። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ጎባት የላካቸው ወጣት ሚስዮናውያን፣ በስዊስ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉት ናቸው። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን እጃቸውን ነበር። ሞሪትዝ ሃል የተባለ ፖላንዳዊና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ተጨመሩ። «መድፍ መሥራት አናውቅም» ቢሉ ንጉሡ አልተዋቸውም፤ ሞክሩ አሏቸው። ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ። ምድጃው፣ ሸክላው፣ ወናፉ፣ ከሰሉ፣ የቅርጹ አፈር፣ ሁሉም እዚያው ተሠርቶ እዚያው መሻሻል ነበረበት። በስተመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ። በእናንተ ሚዛን 70 ኩንታል ማለት ነው፤ እሱም አንድ ወጥ ነሐስ፣ ተከፋፍሎ በአህያ የማይጫን።

ሥራው አስደናቂ ነው። እኔም አደንቀዋለሁ። አሁን ግን ያንን 70 ኩንታል ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ተከተሉት። በጥቅምት 1860 ተነሣ፤ መቅደላ አፋፍ የደረሰው በመጋቢት ነው። መንገድ አልነበረም። የጅዳን ገደልና የበሽሎን ሸለቆ ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ቁልቁለቱን እየጠረበ አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበር ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን መስክረዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በመንኮራኩር የሚያስኬድ መንገድ በእንደዚያ ያለ አገር ላይ መቅደድ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። ግማሽ ዓመት ሙሉ የአንድ መንግሥት ጦር አንድ ዕቃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲያጓጉዝ ከረመ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም አላረሰለትም። የሚበላው በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ባላገር ያስቀመጠውን ነው፤ ባላገሩም እህሉን በጉድጓድ እየቀበረ ሸሸ።

በሌላው በኩል እስረኞቹን ሊያስፈታ የተላከው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወርዷል። የእንግሊዙን ዘመቻ ስናነሣ ስናይደር ጠመንጃና ሮኬት እናወራለን። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ነው። ከ13,000 ገደማ ወታደር ጋር ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ መጣ። በቅሎው፣ ግመሉ፣ በሬው በአሥር ሺህዎች ነው፤ ከሕንድ 44 ዝሆን ተጭኖ መጣ። ዙላ ላይ ወደብ ሠሩ፣ አጭር ሐዲድ ዘረጉ፣ የባሕሩን ውኃ በመርከብ ሞተር እያፈሉ ጨዉን አስለቅቀው ጠጡ። ከሁሉ በላይ ግን ቪየና ላይ እየተመታ የሚወጣውን የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የኛን ጠገራ፣ ከአራት ሚሊዮን በላይ ገዝተው ይዘው ገቡ። በትግራይና በላስታ ሲያልፉ ገብሱን፣ ገለባውን፣ እንጨቱን፣ ላሙን በጠገራ ብር ገዙ። ደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ መንገዱን ከፈቱላቸው፤ ዋግሹም ጎበዜም አላገዷቸውም። ባላገሩ ገበያ ይዞ ወደ ሰፈራቸው ጎረፈ።

የኢትዮጵያ ገበሬ የገዛ ንጉሡን ሸሽቶ እህሉን ለባዕድ ጦር የሸጠው ከሃዲ ስለሆነ ነው? እኔ አይመስለኝም። አንዱ ወሰደበት፣ ሌላው ከፈለው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 አሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ሰዎች በመቶዎች ሲያልቁ ከእንግሊዝ የሞተው ሁለት ነው ይባላል። ከፋላ ተራራ የተተኮሰው መድፍ ብዙም አልጎዳም። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ በራሳቸው ሽጉጥ ሞቱ። በሥልጣናቸው ከፍታ ላይ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ጦር ያሰልፉ የነበሩት ሰው መቅደላ ሲደርሱ የቀራቸው ጥቂት ሺህ ነበር። ጦርነቱ ከአሮጌ ብዙ ቀድሞ፣ በቤጌምድር ጎተራዎች ውስጥ አልቋል።

ይህን ጎንደር ላይ መናገር ይከብዳል፤ ግን ሳልናገር ካለፍኩ ዲስኩሬ ግብዝነት ይሆናል። ቴዎድሮስ ነገሩን ሳያውቁት ቀርተው አልነበረም። በመጀመሪያ ዘመናቸው ሽፍታው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ብለው ዐወጁ። ወታደር በባላገር ቤት ሰፍሮ ከመብላት ይልቅ ደመወዝ እንዲያገኝ ሞከሩ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የቤተ ክርስቲያንን መሬት አዩ፤ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባር ይሰጥና ግብር ይክፈል አሉ። ካህናቱ ተነሡ፤ ካህናቱ ሲነሡ ሕዝቡ ተጠራጠረ፤ አመፁ ሲበዛ ጦሩ መዝመት በዛበት፤ ጦሩ ሲዘምት መብላት ነበረበት። መጨረሻው በ1859 የጎንደር መዘረፍና መቃጠል ሆነ። ጋፋት መድፍ ስትሠራ በነበረችበት ወቅት ጎንደር ነድዳለች። ለእኔ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ የጦር ፋብሪካው ያደገው የአገሩን ሆድ እየበላ ነበር።

እንግዲህ ከመቅደላ 28 ዓመት በኋላ ያለውን አድዋን አስተያዩ። ምኒልክ ጋፋት አልነበራቸውም።  ጠመንጃውን ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከራሷም ከኢጣሊያ ገዙ፤ በውጫሌ ውል ዘመን ኢጣሊያ የፈቀደችው የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር በሐረር ጉምሩክ ተይዞ የተገኘ ነው። ብድሩንም ከፍለውታል። እዚህ ላይ የምኒልክ ብልሃት በአብዛኛው የሚወራው ስለ ዲፕሎማሲያቸው ነው። እኔ የምመለከተው አሥራቱን ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ገደማ የቆየውን ክፉ ቀን አባቶች ታውቁታላችሁ። የከብት በሽታው ኢጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ካስገቡት ከብት ጋር መጥቶ የአገሩን በሬ ፈጀ። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። በዚያ ረኃብ መካከል ወታደሩ ባላገሩን እየገባ ቢበላ አገር ይጠፋ ነበር። ስለዚህ በ1884 ግድም ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛ ይክፈል፣ ወታደሩም በቤቱ አይሰፈርበት የሚል ሥርዓት ተዘረጋ። እህሉ በየአውራጃው ጎተራ ገባ። ሥርዓቱ በየቦታው እንደ ዐዋጁ ሠርቷል ብዬ አልከራከርም፤ በብዙ ቦታ ወታደሩ አሁንም ይበላ ነበር። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ ገበሬው ምን እንደሚከፍል ቀድሞ ይወቅ፣ የተረፈው የራሱ ይሁን ነው።

መስከረም 1888 ክተት ሲታወጅ ሰው ከየቤቱ ስንቁን ይዞ ወጣ። ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ። ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጦር በእግሩ ወደ ሰሜን ተጓዘ። በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ ያዘጋጁት፣ በመንገዱም ወፍጮ ተሸክመው የፈጩት ሴቶች ናቸው። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የኢጣሊያኖችን ምሽግ ውኃ ማስያዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህም የስንቅ ጦርነት ነው። ነገር ግን አንድ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የካቲት ሲጋመስ የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ እያለቀበት ነበር፤ ምኒልክ ወደ ኋላ ሊመለሱ ተቃርበው ነበር። የኢጣሊያው ጄኔራል ባራቴሪም እንደዚሁ እህሉ እያለቀበት ነበር። ከሁለቱ ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ባራቴሪ ሆነና የካቲት 23 የሆነው ሆነ። ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። አድዋ የአንድ ማለዳ ድል ነው፤ ለዓመታት የሚዘልቅ ጦርነት ቢሆን ኖሮ የምኒልክም ጎተራ ይፈተን ነበር።

በልጆቻቸው ዘመን የተፈተነው ግን ጎተራው ብቻ አልነበረም። ኢጣሊያ በ1928 ስትመለስ ጠመንጃ ሻጮቹ አገሮች የጦር መሣሪያ ሽያጭ ከለከሉን። የራሳችን በቂ ፋብሪካ አልነበረምና ማይጨው ላይ የተዋጋነው ባለን ብቻ ነው። ጋፋትን መርሳታችን ያን ጊዜ አስከፈለን። ስለዚህ ጎተራ ይበቃል ብዬ አልወጣም። ፋብሪካም ያስፈልጋል። ጥያቄው በምን ቅደም ተከተል፣ በማን እጅ ነው።

በማን እጅ የሚለውን ለብቻው ልውሰደው፤ ለዚህ አገር በጣም የሚመለከት ነውና። ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ብቻቸውን አልሠሩም፤ የኛ ሰዎች ወናፍ ነፉ፣ ብረት ቀጠቀጡ፣ ተማሩም። ለመሆኑ ጎንደር ውስጥ ብረት የሚያውቀው ማን ነበር? ወለቃ፣ ከዚህ ወደ ጎንደር ስትወርዱ መንገዳችሁ ላይ ያለችው፣ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ሰፈር ነበረች። በወገራም ነበሩ። ማረሻውን የሚያስተካክሉት፣ ማጭዱን የሚስሉት፣ የጎንደርን ግንብ ሲሠሩ የነበሩ ግንበኞች ልጆች እነሱ ናቸው። እኛስ ምን አልናቸው? ጠይብ፣ ቡዳ፣ ጅብ ሆኖ ያድራል አልን። ማረሻውን በቀን ተቀብለን በማታ ልጃችንን ከዐይኑ ሸሸግን። አንድ ሕዝብ ብረት የሚያቀልጥለትን ሰው እየፈራና እየናቀ ኢንዱስትሪ ሊኖረው አይችልም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ችግሩ ስለገባቸው ነው። ዐዋጁ ግን ስድቡን አላስቀረም። ቤተ እስራኤል በአብዛኛው ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የእጃቸው ዕውቀትም አብሯቸው ሄደ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብየዳ ወይም የማሽን ሥራ ትምህርት የገባ ልጅ «ዩኒቨርሲቲ አልደረሰውም» ተብሎ ሲታይ፣ እኔ የድሮውን ስድብ በአዲስ ልብስ አያለሁ። የጦር ጊዜ ኢንዱስትሪ ማለት በሰላም ጊዜ ጀኔሬተር፣ ወፍጮ፣ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ መጠገን የሚችል ሰው በብዛት መኖር ነው። ወታደራዊ ፋብሪካ ሠራተኛውን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ከአገር ውጭ አንድ ምሳሌ ብቻ ላምጣ፤ እሱንም የመረጥኩት ወገራ ላይ ስለሆንኩ ነው። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ከአየር ውስጥ ናይትሮጂን የሚያወጣ ፋብሪካ ኦፓው በምትባል ስፍራ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1913 ሥራ ጀመረ። ያ ናይትሮጂን ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወደ አንዱ ብትወስዱት ባሩድና ፈንጂ ነው፣ ወደ ሌላው ብትወስዱት የአፈር ማዳበሪያ ነው። ጦርነቱ ሲረዝምና እንግሊዝ ባሕሩን ስትዘጋባቸው ናይትሮጂኑ ወደ ባሩድ ሄደ፤ እርሻው ተራበ። ገበሬው ዘምቷል፣ ፈረሱ ተወስዷል፣ ማዳበሪያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1916ና በ1917 መካከል በነበረው የብርድ ወቅት ድንች አልቆ የከብት መኖ የነበረ ሥራሥር የሰው ምግብ ሆነ፤ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሲቪል በጦርነቱ ዓመታት በረኃብና በተያያዘ ሕመም እንዳለቀ ይገመታል። ያን የመሰለ ፋብሪካ ያላት፣ ያን የመሰለ ጦር ያላት አገር ከውስጥ ተፈታች። በሁለተኛው ጦርነት እንግሊዝ ከዚህ ተምራለች፤ የግጦሹን ሜዳ አረሰች፣ ሴቶችን እርሻ ላይ አሰማራች፣ ስኳሩንና ሥጋውን ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል በካርድ አከፋፈለች፣ ዳቦን ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በካርድ አላደረገችም። እኩል የሚለውን አስምሩበት። ሰው ጉድለትን ይችላል፤ የማይችለው ጎረቤቱ እየጠገበ እሱ መጉደሉን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ይህኛው ብዙዎቻችሁ በዐይናችሁ ያያችሁት ስለሆነ ብዙ አልልም። በመጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ የአፋቤት ግንባር ከተሰበረ በኋላ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ። ደርግ ፋብሪካ አልጎደለውም። ሆሚቾን የመሰለ የጥይት ፋብሪካ ተክሏል፤ ስሙን ከቴዎድሮስ ጋፋት የወሰደ የጦር መሣሪያ ፋብሪካም አቋቁሟል። ሶቪየት ኅብረት ታንክና አውሮፕላን በብድር ሰጥታዋለች። የጎደለው ምን ነበር? የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው ላይ ኮታ በመንግሥት ዋጋ ይወስድ ነበር፤ ምርቱ ቢያንስም ኮታው አያንስም። ልጁ በብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል፤ ካልሄደ ይታፈሳል። እናቶች ልጆቻቸውን በጎታና በጎተራ ደበቁ፤ እህል የሚቀመጥበት ቦታ የልጅ መደበቂያ ሆነ። በ1977 ረኃብ የተጎዳ ሕዝብ በሦስት ዓመቱ ሁሉንም አምጣ ተባለ። ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር የሚሄድ ከሆነ ከኋላ የሚቀር የለም፤ ከኋላ የሚቀር ከሌለ ግንባሩ የሚቆመው በምን ላይ ነው? የካቲት 1982 ላይ የንግድና የእርሻ ፖሊሲው ሲላላ ጊዜው አልፎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን በ1983 የያዘበት ዘመቻ ስሙ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ነበር፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ትቀልዳለች።

ከዚህ ከእናንተ በላይ ያለው ወልቀፊትም አንድ ምስክር ነው። ኢጣሊያኖች በመንገዱ ጠባብ አንገት ላይ ተመሽገው፣ በእንግሊዝ ጦርና በአርበኞች ተከበው ለወራት ቆዩ። ቦታውን በውጊያ መያዝ ከባድ ነበር። በመስቀል ሰሞን 1934 ወደ 3,000 የሚጠጋው ጦር እጁን የሰጠው በአብዛኛው ስንቅ አልቆበት ነው። ጎንደርም ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን ወደቀች። እነዚያ አርበኞች ግን አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ፋብሪካ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ወደብ ቆመዋል። እንዴት? ባላገሩ ፈልጎ ስላበላቸው። ፈልጎ። ቴዎድሮስ ያጡትን እነሱ አግኝተውታል።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንዱ «ታዲያ የዛሬውስ?» ማለቱ አይቀርም። የዛሬውን ባልነካ ትታዘቡኛላችሁ። ሁለት ዓይነት ጦርነት አለ። ከውጭ የመጣ ወራሪ ሲሆን የሕዝብ መሰናዶ ይቻላል፤ የሚሰናዳው አንድ ወገን ነውና። እርስ በርስ ሲሆን ግን አንዱ ወገን ያከማቸው ጎተራ የሌላው ወገን ወንድም ጎተራ ነው፤ የተዘጋው መንገድ የሁለቱም መንገድ ነው፤ የሚሰናዳ የኋላ ደጀን አይኖርም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የሰሜኑን ጦርነት አቆመ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን የሆነውን እናንተ ትኖሩበታላችሁ። ፖለቲካውን ለፖለቲከኞች ልተውና በርእሴ ውስጥ ያለውን ብቻ ልበል፤ በክልላችን በርካታ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዛሬ አምስተኛ ክፍል መሆን የነበረበት ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ ቴክኒሺያን የሚሆነው ነው። በማናቸውም አገር የተዘጋ ፋብሪካ በሁለት ዓመት ይከፈታል፤ ያልተማረ ትውልድ በሁለት ዓመት አይተካም። ሶቪየቶች በ1941 እ.ኤ.አ. ከ1,500 በላይ ትላልቅ ፋብሪካዎችን ነቅለው ወደ ምሥራቅ አጓጉዘው ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ብዙዎቹን ያስነሡት፣ ማሽኑን መልሶ የሚገጥም የተማረ ሰው ስለነበራቸው ነው።

አገሪቱን በአጠቃላይ ካየን ደካማ ጎናችን ግልጽ ነው። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ወደ አሰብ የሚሄደው ንግድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ተዘግቶ ነበርና ነዳጅ የምናጣራበት የለንም፤ ሙሉ በሙሉ የተጣራ ነው የምናስገባው። ዛሬም ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው በአንድ መንገድ፣ በአንድ ወደብ ይመጣል። ማዳበሪያውም እንደዚሁ። ያዩ ላይ ይሠራል የተባለው የማዳበሪያ ፋብሪካ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጥቶ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በነሐሴ 2017 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ውል ተፈርሟል። ይሠራ ይሆን? ይሠራ ዘንድ እመኛለሁ። ከየትኛውም የጥይት ፋብሪካ በላይ የአገር መከላከያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኦፓውን ነገር የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ማዳበሪያ በሰኔ ካልደረሰ የወገራ ስንዴ ጠብቆ አያውቅም፤ የዘገየ ጥይት ነገ ይተኮሳል፣ የዘገየ ዩሪያ ግን የዓመት ነገር ነው።

እናንተስ ከዚህ ከአምባ ጊዮርጊስ ምን ትሠራላችሁ? ዐዋጅ ማውጣት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ወደብ ማስገኘትም አይደለም። በእጃችሁ ያለው አንደኛ ዘር ነው። የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላ ዘር በክፉ ዓመት የሚበላ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት አብሮ ተበላ ማለት ነው፤ በክፉ ቀን ዘመን አገር የተራቆተው በአንድ ዓመት ድርቅ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ዘር ከሚበላው እህል ተለይቶ፣ ከአንድ ቤት በላይ፣ ከአንድ ቀበሌ በላይ ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ በጋራ የተስማማችሁበት ሰው ይጠብቀው፤ ሒሳቡም በአደባባይ ይነበብ። አንድ ትልቅ መጋዘን አትሥሩ፤ አንድ ትልቅ መጋዘን መጀመሪያ የሚዘረፈው ነው። ሁለተኛው የወፍጮ ቤት ነው። መብራት ሲጠፋና ናፍጣ ሲጠፋ ሴቶቻችሁ ወደ ድንጋይ ወፍጮ እንደሚመለሱ አይታችኋል፤ አንድ ጎበዝ መካኒክና ጥቂት መለዋወጫ በዚህ ከተማ ውስጥ መኖሩን የሚያጣራ ኮሚቴ መቋቋም ይችላል። ሦስተኛው በግልጽ የሚነገር አይመስልም፤ እኔ ግን እናገረዋለሁ። ብረት የሚያውቅ ልጅ ካላችሁ አትዘኑበት። ልጃችሁን ለቀጥቃጭ ልጅ ዳሩ።

«ስለ መከላከያ ሚኒስቴርና ስለ ድሮን ምንም አላልክም» የሚል ይኖራል። አላልኩም፤ እነሱን የሚያስቡላቸው ሰዎች አሉ፤ ዘሩን የሚያስብለት ግን ከዚህ አዳራሽ ውጭ ማን እንዳለ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለ ቴዎድሮስ በተናገርኩት የተቆጣ ካለ ደግሞ አሁን ተነሥቶ ይከራከረኝ፤ ማይኩን ወደ እናንተ አሳልፋለሁ።